ያልሰጠሙ ሰዎች ደብተር

አዳራሽ የለንም፤ አምስተኛ «ለ» ክፍል ነው፣
ሰሌዳው ላይ የሰኔ ክፍልፋይ ገና ያልጠፋው።
በላዩ ነጭ ጨርቅ፣ በቀይ ቀለም ተጽፎ፦
«ለወንጪት ታዳጊዎች»፤ «ች»ዋ ዳር ላይ ታጥፎ።

እንግዳው ከዞን ነው፤ ማንም አልነገረው፣
ታዳጊ ቢሉት ጊዜ ሕፃን የመሰለው።
«የነገ ተስፋዎች፣ ወላጅ አክብሩ፣
ጨዋታ ቀንሱ፣ ትምህርት ላይ ኑሩ»
ይላል፣ ከወረቀቱ ዓይኑን ሳያነሣ።
ከፊቱ ሸዋንግዛው፣ የስድስት ልጅ አያት፣
ጺሙን ያሻል፤ ላቀው ያፈጣል ጣራው ላይ ካለችው ሸረሪት፤
ጉልላት ሳቁን ሲውጥ ትን ብሎት ይስላል።
ሽልማቱ ደብተር ነው። እስክሪብቶም ተጨምሮበታል።

እኔ አልሳቅሁም።
የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሰኔ ሊገባደድ ሲል፣
የፈተና ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ቆምኩ ከወንዙ ክልል።
ውሃው ጭቃ ጠጥቶ ግንድ ከግንድ ያላትማል፤
ላቀው የመኪና ካላማዳሪያ በጠፍር ያጠብቃል።
«አትጨብጠኝ» አለኝ፤ «ጨባጭ ሁለት ይገድላል፤
መያዝ የኔ ሥራ ነው። ውሃ አትይ አስተማሪ፣
የማዶዋን ዋርካ እያት፤ ቅጠሏን ቁጠር፣ አትፍራ፣ ተማሪ!»
ቅጠል ስቆጥር ተሻገርኩ። ስንት ላይ እንደ ደረስኩ ረሳሁ።
ወረቀቱ አልራሰም።
ልከፍለው ኪሴን ስዳብስ፣
ሌላ ሰው ሊያመጣ ገብቷል፤ ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል፣ እንደ ቅል ሲመለስ።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያለ ሰው
ወንጪትን አያውቅም። ወንጪት ሳቅ የለው፤
ሲወስድ ያገሣል።

ከዳር አንድ ድንጋይ አለ፣ በኖራ የተቀባ፣
እሱ ከተሰወረ ማንም ሰው አይገባ፤
ሙሽራ ቢለምን፣ ቄስ ቢገዝት፣ ነጋዴ ብር ቢቆጥር
«ድንጋዩ ሲታይ ና» ነው፤ ሌላ የለም ነገር።
የተሻገረ ይመርቃቸዋል፤
የተከለከለ እየተራገመ ዳገቱን ይመለሳል።
ማን ያውቃል? ከሁለቱ ይበልጥ የዳነው
እየተራገመ የሄደው ይሆናል።

ስም ጠሪው ቀጠለ፦ «ዘነበች አየለ!»
ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም።
ዘነበች ወንጪትን በዓይኗ አይታው አታውቅም።
መንዝ ናት፣ ከመሐል ሜዳ ወዲያ፤ ጨውና ሳሙና ትሸጣለች፤
ደመናው ሲከብድ ከሱቋ ደጅ ወጥታ ስልክ ትመታለች፣
አንድ ቃል፦ «ዘነበ»።
እዚህ ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ የታጠበ ሳህን፤
ጎርፉ ግን ተነሥቷል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ፣
ቃሏን ተከትሎ ይመጣል፣ ገደሉን እየዳጠ።

ያኔ የሸዋንግዛው ስልክ ጮኸ።
ሰማ፤ ዘጋ፤ ወደ ላቀው ዞረ፦
«ዘነበች ናት። ዘነበ።»
እንግዳው የግስ እርባታ መሰለው፤
ፈገግ አለ፣ «ጎበዞች!» ሊላቸው።
እነሱ ግን ተነሥተዋል። ቅዳሜ ነው፤
ከማዶ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ አሁን ይመለሳል፤
ድንጋዩ ሳይሰወር ቀድሞ መድረስ፣
ገመዱን መወጠር፣ «ቁሙ» ማለት ያስፈልጋል።
በጠባቧ በር ሦስቱም ባንዴ ሲወጡ ተጋፉ፤
ደብተሮቹ ዴስክ ላይ ቀሩ፣ እንደተነባበሩ።

በማግስቱ ወሰድኩላቸው።
ሸዋንግዛው አንዱን ገልጦ፣ አገላብጦ፣
«ምን ይጻፍበታል?» አለኝ።
ያሻገራችሁትን፣ አልኩት። ሳቀ።
«እሱን ማን ቆጥሮት? ሰው ከዳነ እኮ
ልብሱን ጨምቆ ወደ ቤቱ ነው።
የሰጠመ ይጻፍበት።»

ሦስት ክረምት አለፈ። ደብተሩ ከወንዙ አፋፍ፣
ከዳሷቸው ባላ፣ በሚስማር ተሰቅሏል።
ባለፈው ሳልፍ ገለጥኩት፦
ዳሩን አይጥ በልታዋለች፣
እርጥበት አሳብጦታል፣
ሽፋኑ ላይ የማን እንደሆነ እንጃ የጭቃ አውራ ጣት አለ።
ገጹ ነጭ።